ለቤት ስለሚሆን የቡና መፍጫ

ቡና ታጥቦ፥ ተቆልቶ፥ ተወቅጦ በጀበና መፍላቱ ከቤታችን ልማድ ሁሉ የታወቀው ነው። መታጠቡና መቆላቱ እንደ ቀድሞው ሲኖር፥ መውቀጡ ግን ከጊዜ ወደ ጊዜ ለመኪና እየተለቀቀ ሄዷል። በአቃቂና በቃሊቲ ባልም ሚስትም በማለዳ ወደ ፋብሪካና ወደ መሥሪያ ቤት ስለሚወጡ፥ ሙቀጫና ዘነዘና የሚጠይቁትን ጊዜና ጉልበት የሚሰጥ ሰው በየቤቱ አይገኝም። በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ፎቅ ላይ የሚኖረውም የዘነዘናው ድምፅ ከታች ያለውን ጎረቤት እንዳያውክ ያስባል። እንግዲህ መፍጫ መግዛት የሚነቀፍ ነገር አይደለም፤ የሚያስፈልገው መርጦ መግዛቱ ነው።

በገበያ የሚሸጠው ሁሉ መፍጫ ይባል እንጂ ሥራው ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው በኤሌክትሪክ የሚዞር ስለት ያለው ሲሆን፥ ቡናውን ይከትፈዋል እንጂ አይፈጨውም። ስለዚህ ዱቄት የሆነውና ገና ስባሪ የሆነው ተደባልቆ ይወጣል፤ ብዙ ካዞሩትም ይግልና መዓዛውን ይጎዳል። ሁለተኛው ጥርስ ባላቸው በሁለት ብረቶች ወይም ሸክላዎች መካከል እያሳለፈ የሚፈጭ ነው፤ ይህም የእናቶቻችን ወፍጮና መጅ የቅርብ ዘመድ ነው። በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት በብሎን ይጠብቃል፥ ይላላል፤ የዱቄቱም ልክ በዚሁ ይወሰናል።

የዱቄቱ ልክ ስለ ምን ያሳስባል ቢባል፥ መልሱ በጀበናው ውስጥ ነው። ጀበና ዱቄቱን ከውሃ ጋር አብሮ የሚያፈላ ስለ ሆነ፥ ከመቀዳቱ አስቀድሞ አተላው መዝቀጥ አለበት። እጅግ የላመው ብናኝ ቶሎ አይዘቅጥም፤ ከስኒው ይገባል፤ ምሬትም ያበዛል። ስባሪው ደግሞ ጣዕሙን በሙሉ ሳይሰጥ ከአተላው ጋር ይጣላል። አቦሉ ሲቀጥን፥ ቶናው ውሃ ሲመስል፥ ለበረካ ሌላ ቡና መጨመር ይመጣል፤ የቡናም ዋጋ ለደመወዝተኛ ቀላል አይደለም።

በእኛ አስተያየት ለመካከለኛ ቤተ ሰብ የሚበጀው በእጅ የሚዞረው፥ ጥርሱ ብረት የሆነው ነው። የሸክላው ጥርስ አይዝግም፤ ነገር ግን በደንብ ካልተለቀመ ቡና ውስጥ አንዲት ጠጠር ብታገኘው ሊሰበር ይችላል። አቃቂ ለአዲስ አበባ ብርሃን የሰጠ ስፍራ ነው፤ በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው የአባ ሳሙኤል ማመንጫም ከብዙ ዘመን መቋረጥ በኋላ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2016 ታድሶ ሥራ ጀምሯል። ይሁን እንጂ መብራት በጠፋ ጊዜ እንግዳ ይመለስ አይባልም፤ የእጅ መፍጫ ይህን ችግር አያውቅም።

ለማኅበርና ለተዝካር ሕዝብ ሲሰበሰብ ግን የእጅ መፍጫ አያደርስም። (ቡና ራሱ በካህናት ዘንድ ተነቅፎ የኖረ መጠጥ ነበር፤ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነቀፌታው እንዲቀር አቡነ ማቴዎስ ብዙ ረድተዋል።) ያን ጊዜ ሙቀጫው ከተቀመጠበት ይውጣ፤ ወይም ጥርስ ያለው የኤሌክትሪክ መፍጫ በማኅበሩ ገንዘብ ይገዛ።

ገዢው በሱቁ ውስጥ እጀታውን ይዞ ዘንጉን ወዲያና ወዲህ ይነቅንቀው፤ የሚወላወል ከሆነ ጥርሶቹ እኩል አይገናኙምና ይተወው። ላዩ በቅርጽ ያጌጠው ብዙ ጊዜ በዚህ ፈተና ይወድቃል። ደግሞም ጥቂት የተቆላ ቡና ከቤቱ ይዞ ሄዶ ይፍጭበት፤ ዱቄቱንም በነጭ ወረቀት ላይ ቢበትነው ዐይን ልዩነቱን ወዲያው ያያል። ሻጩ ይህን አልፈቅድም ቢል ወደ ሌላ ሱቅ መሄድ ነው።

ከተገዛ በኋላ ብረቱ በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል እንጂ በውሃ አይታጠብም። በርበሬና አብሽም አይፈጭበት፤ ሽታው ከጥርሱ በቀላሉ አይለቅምና። የተፈጨ ቡና መዓዛው ቶሎ ስለሚጠፋ፥ በየጊዜው ለአንድ ጀበና የሚበቃውን ብቻ መፍጨት ይሻላል።