የዛፍ ዓመታዊ ደመወዝ ስንት ነው?

እ.ኤ.አ. በ1851 ለንደን ላይ ታላቁ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ሊከፈት ሲታሰብ ጠብ ካስነሡት ነገሮች አንዱ የሃይድ ፓርክ ዛፎች ነበሩ። ከመስታወትና ከብረት የሚሠራው ግዙፍ አዳራሽ ያርፍበታል በተባለው ቦታ ላይ አንጋፋ የኤልም ዛፎች ቆመዋል፤ «አይቆረጡም» የሚል ተቃውሞ ተነሣ። ንድፍ አውጪው ጆሴፍ ፓክስተን መላ ዘየደ። የአዳራሹን መሐል ጣሪያ እንደ ቀስት አጉብጦ ከፍ አደረገውና ዛፎቹን ከነነፍሳቸው ውስጥ አስገባቸው።

ያኔ ዛፎቹን ያዳናቸው ጩኸት ነው። ለከተማው የሚሰጡትን ጥቅም አስልቶ የሚያቀርብ ዘዴ ገና አልተፈጠረም። ዛሬ ግን 142 ሄክታር ላይ የተንጣለለው የዚሁ ፓርክ 3,174 ዛፎች ተቆጥረውና ተለክተው 173 ሚሊዮን ፓውንድ ተገምተዋል። አንዱ ዛፍ በአማካይ ከ54 ሺሕ ፓውንድ በላይ ይደርሰዋል ማለት ነው። በዓመት 2.7 ቶን ያህል ብክለት ከአየሩ ላይ እንደሚያነሡም ተሰልቷል።

እንዲህ ያለው ቁጥር ከየት ይመጣል? መነሻው ከልብስ ሰፊ ሜትር ብዙም የማይለይ ጥቅል መለኪያ ነው። ባለሙያው ግንዱን ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ደረቱ ትይዩ ይለካዋል። ዝርያውን፣ ቁመቱን፣ ቅርንጫፎቹ የተንሰራፉበትን ስፋት፣ ምን ያህሉ እንደ ደረቀና ፀሐይ በስንት ጎኑ እንደምታገኘው ይመዘግባል። ከዚያ በኋላ ያለው የኮምፒውተር ሥራ ነው። በብዙ አገር የሚሠራበት ፕሮግራም አይ-ትሪ ይባላል፤ የአሜሪካ የደን አገልግሎት ከአጋሮቹ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ሲሆን፣ ለፈለገው ሁሉ በነፃ ይሰጣል።

ካርቦኑን ማስላት አይከብድም። ከግንዱ ውፍረትና ከዝርያው ተነሥቶ የዛፉ ደረቅ ክብደት ይገመታል፤ ከዚያ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። ዛፉን ቆርጦ ሚዛን ላይ ማውጣት አያስፈልግም፤ ቀመሩን ያስገኙት ከዚህ ቀደም ተቆርጠው የተመዘኑ ሌሎች ዛፎች ናቸው። የአየሩ ሒሳብ ይረቅቃል። የዛፉ ቅጠል ሁሉ ቢዘረጋ ምን ያህል ቦታ እንደሚሸፍን ይሰላል፤ በከተማው ያሉ የአየር መለኪያ ጣቢያዎች በየሰዓቱ የመዘገቡት የብክለትና የአየር ጠባይ መረጃ ይጨመርበታል። ስንት ብናኝ ቅጠሉ ላይ እንደ ተለጠፈ፣ ስንት ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ በቅጠሉ ቀዳዳዎች እንደ ገባ የሚታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ዝናቡም አይዘነጋም፤ ቅጠልና ቅርፊት ላይ የሚቀረው ውኃ ወደ ቦይ አይወርድም። የዝናቡና የመጸዳጃው ፍሳሽ በብዙ ቦታ በአንድ ቱቦ ለሚሄድባት፣ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ትርፉ ለረጅም ዘመን ቴምዝ ወንዝ ውስጥ ሲፈስባት ለኖረችው ለንደን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት መላዋ ለንደን በዚሁ ዘዴ ተለካች። ከ200 በላይ የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች በ724 ናሙና ቦታዎች፣ አንዳንዴም በሰው ጓሮ ሳይቀር፣ መለኪያቸውን ይዘው ዞሩ። ውጤቱ፦ 8.4 ሚሊዮን ዛፎች፣ በዓመት 132.7 ሚሊዮን ፓውንድ የሚያወጣ አገልግሎት። ቁጥሩን በተን አድርጎ ላየው አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ስለ ዛፍ ሲወራ አፍ ላይ ቀድሞ የሚመጣው ካርቦን ነው፤ ከዚህ ገንዘብ ውስጥ ግን የዓመቱ ካርቦን ድርሻ 5 ሚሊዮን ፓውንድ እንኳ አይሞላም። 126 ሚሊዮኑ የመጣው ከአየር ማጥራቱ ነው፤ ብዙ ሕዝብ በሚተነፍስበት ቦታ የሚነሣ ብናኝ ዋጋው ከፍ ይላልና።

ይህ ዓመታዊው «ደመወዝ» ነው። የዛፎቹ የራሳቸው ዋጋ ሲጠየቅ ደግሞ መልሱ ሁለት ይሆናል። ቢጠፉ በሌላ ለመተካት የሚወጣው ወጪ ሲሰላ 6.12 ቢሊዮን ፓውንድ ሆነ። ካቫት በተባለው ሌላ ዘዴ ግን እነዚያው ዛፎች 43.3 ቢሊዮን ወጡ። ካቫት የዛፉን ውፍረትና ጤንነት ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ምን ያህል ሰው እንደሚኖርና ዛፉ ለእይታ ምን ያህል ክፍት እንደ ሆነ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2008 በለንደኑ በርክሊ አደባባይ የቆመ አንድ የፕሌን ዛፍ 750 ሺሕ ፓውንድ የተገመተው በዚህ ስሌት ነው። ልዩነቱ የስሕተት ምልክት አይደለም፤ ሁለቱ ዘዴዎች የሚጠይቁት ጥያቄ ለየቅል ነው። ቁጥሩን ብቻ ነጥሎ የሚጠቅስ ባለሥልጣን ወይም ጋዜጠኛ ግን ይህን ሲዘል ይታያል።

ሐቀኛ ሒሳብ ዕዳም ይመዘግባል። ፕሌንና ኦክ፣ የእኛው ባሕር ዛፍም ጭምር፣ በሞቃት ቀን የሚለቁት ጋዝ ከመኪና ጭስ ጋር ሲገናኝ ኦዞን ለመፍጠር ያግዛል። በጠባብ መንገድ ግራና ቀኝ ጥቅጥቅ ብሎ የተተከለ ዛፍም ጭሱን ወደ ላይ እንዳይወጣ ሊያፍነው ይችላል። በሌላ በኩል በሚዛኑ የማይገባ ጥቅም አለ። አሜሪካዊው ሮጀር ኡልሪክ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጥናት፣ በአንድ የፔንሲልቬንያ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ሰዎች መካከል በመስኮት ዛፍ የሚታያቸው፣ የጡብ ግንብ ከሚታያቸው ይልቅ ቶሎ ወደ ቤታቸው ሄደዋል፤ ጠንካራ ማስታገሻም ያን ያህል አልፈለጉም። ይህን አይ-ትሪ አይቆጥረውም።

መለኪያው ወደ ሌላ አገር ሲሻገርም ዝም ብሎ አይሠራም። በአዲስ አበባ አድባራት ግቢ የቆሙትን ጽድና ዝግባ ለመተመን የሚነሣ ሰው ለአሜሪካ ወይም ለእንግሊዝ ዛፍ የወጣውን ቀመር ገልብጦ አይሆንለትም። የእነዚያኑ ዛፎች ዕድገትና የእንጨታቸውን ክብደት፣ ከዚያም የከተማውን የየሰዓት የአየር መረጃ ይፈልጋል።

ፓክስተን ጣሪያ ያነሣላቸው የኤልም ዛፎችስ? አዳራሹ ከኤግዚቢሽኑ በኋላ ተነቅሎ ወደ ሲደንሃም ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ደግሞ በጥንዚዛ የሚዛመት የፈንገስ በሽታ ገብቶ የፓርኩን ኤልሞች ጠራርጎ ወሰዳቸው፤ አንድ ዝርያ በብዛት መተከሉ ጉዳቱን አባባሰው። አሜሪካዊው የዛፍ ተመራማሪ ፍራንክ ሳንታሞር እ.ኤ.አ. በ1990 ከአንድ ከተማ ዛፎች አንድ ዝርያ ከ10 በመቶ በላይ እንዳይይዝ የመከረው ይህን የመሰለ ዕልቂት አይቶ ነው። በመዝጋቢዎቹ ቅጽ ላይ የዝርያው ስም የሚጻፍበት ዓምድም የሚያገለግለው ለፓውንዱ ስሌት ብቻ አይደለም፤ ቀጣዩ በሽታ ስንቱን ሊወስድ እንደሚችል የሚታየው እዚያው ላይ ነው።