ከካንጋ ጠርዝ እስከ ሸማ ጥለት

በሥነ ጥበብ ክበባችን ዘንድሮ ከተነጋገርንባቸው ርዕሶች ሁሉ የበለጠ ያከራከረን «ክሪኤቲቭ ዳይሬክተር የሚባለው ሰው ምን ይሠራል?» የሚለው ነው። ግማሾቻችን ሠዓሊ ነው አልን፤ ግማሾቻችን የልብስ ዲዛይነር። ቨርጂል አብሎ ግን በዩኒቨርሲቲ የተማረው ሲቪል ምሕንድስናና ሥነ ሕንፃ ነበር፤ ሆኖም በ2018 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሉዊ ቪቶንን የወንዶች ልብስ የመምራት ኃላፊነት ተሰጠው። የእንዲህ ዓይነት ሰው ዋና ሥራ መወሰን ነው። ድርጅቱ በሚያወጣው ልብስ፣ በማስታወቂያው፣ በመደብሩና በስልክ ገጹ ላይ ምን ሳይለወጥ እንደሚቆይ፣ ምን ደግሞ እንደሚቀያየር ይወስናል። ሳይለወጥ የቆየውን ነገር ሰው ዓይኑ ሲለምደውና ሲያምነው ብራንድ ይሆናል።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ፓሪስ ድረስ መሄድ አላስፈለገንም። እዚሁ ኬንያ ካንጋ አለ። በተለይ በባሕር ዳርቻው አካባቢ እናቶች የሚያገለድሙት፣ ትከሻ ላይ ጣል የሚያደርጉት፣ ልጅ የሚያዝሉበት ጨርቅ ነው። ሦስት ክፍሎች አሉት። ዙሪያውን የሚከበው ወፍራም ጠርዝ «ፒንዶ» ይባላል፤ መሐሉ «ምጂ»፣ ማለትም ከተማ፤ ከመሐሉ ዝቅ ብሎ የሚታተመው አንድ መስመር ጽሑፍ ደግሞ «ጂና»፣ ማለትም ስም። ጽሑፉ ምርቃት ሊሆን ይችላል፤ ተረትና ምሳሌ ወይም አሽሙርም ሊሆን ይችላል። ጎረቤቷን በአፏ ልትናገራት ያልፈለገች ሴት ለብሳው በደጇ ታልፋለች። (በእኛ ቤት ይህ ሥራ ለቡና ሰዓት የተተወ ነው።) ጽሑፉ ቀድሞ በዓረብኛ ፊደል ይጻፍ ነበር፤ በኋላ በላቲን ሆነ። ቀለሙና ሥዕሉ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ ጠርዝ፣ መሐልና ጽሑፍ ግን ቦታቸውን አይለቁም። ስለዚህ ዛሬ የወጣውን አዲስ ካንጋ ከሩቅ ያየ ሰው ምን እንደሆነ አይጠይቅም።

የሞምባሳው የካዴርዲና ሃጂ ኤሳክ የንግድ ቤት ሥራ የጀመረው በ1887 ነው። በካንጋዎቹ ላይ «ማሊ ያ አብደላ» የሚል ምልክት ያኖራል፤ «የአብደላ ንብረት» ማለት ነው። ካንጋ ለረጅም ዘመን የሚታተመው በአውሮፓና በእስያ ፋብሪካዎች ነበር። ገዢዋ ፋብሪካውን አታውቀውም፤ ጠርዙ ላይ ያለችውን ትንሽ ምልክት ግን ታውቃለች። እምነቱን የወሰደው ያተመው ሳይሆን ስሙን ያኖረው ነው።

በቴክኖሎጂው በኩል ኤም-ፔሳን ወሰድን። ሳፋሪኮም በመጋቢት 2007 ሲጀምረው የአብዛኛው ሰው ስልክ ቁልፍ ያለው፣ ማያው ጠባብ የሆነ ነበር። ሥዕል የሚያምርበት ቦታ በስልኩ ላይ የለም። ዲዛይኑ ታዲያ ግድግዳ ላይ ወጣ፦ የወኪሎቹ ኪዮስኮች አረንጓዴ ተቀቡ። ስሙም «ኤም» ከሞባይል፣ «ፔሳ» ከስዋሂሊ ተወሰደ፤ ገንዘብ ማለት ነው። ገንዘብ በተላከ ቁጥር የሚመጣው አጭር መልእክት፣ ቁጥሩን፣ መጠኑንና የተቀባዩን ስም ይዞ የሚደርሰው፣ ለእኛ ከአርማው የበለጠ ዲዛይን ነው። ሰው ገንዘቡን ለማያየው ነገር አሳልፎ የሰጠው ያንን መልእክት ስላመነ ነው።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ወደ ራሳችን ቤት ስንመለስ ነገሩ ከበደን። ከክበባችን የሁለቱ እናቶች ኢስሊ ውስጥ የሀገር ልብስ ይሸጣሉ፤ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚወጣውም ከዚያው ነው። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ በድሩ መሐል ባለ ቀለም ክር እያስገባ፣ ክር እየቆጠረ የሚያወጣው ጥለት፣ በማሽን ከታተመ አምሳያው ጎን ተሰቅሎ ይሸጣል። በእጅ ለዳሰሰው ሰው ልዩነቱ ግልጽ ነው። ገልብጦ ያየው ደግሞ በታተመው ጀርባ የደበዘዘ ቀለም፣ በተሸመነው ጀርባ ክሩን ራሱን ያገኛል። በስልክ ፎቶ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ደንበኛዋም «እዚያኛው ሱቅ በግማሽ ዋጋ አለ» ብላ ትጽፋለች።

ጥለቱን «የእኛ ብቻ ነው» ብሎ መዝጋት ይቻላል ብለን አናምንም፤ የብዙ እጅ ሥራ ነው፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረ። የጎደለው ስም ነው። ስለዚህ ያቀረብነው ሐሳብ ትንሽ ነው፦ ጥለቱ እንዳሻው ይለዋወጥ፣ በአንዱ ማዕዘን ላይ ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሆነ፣ በክር የተሸመነ ምልክት ይኑር። የሚሰፋ የጨርቅ መለያ አላልንም፤ እሱማ ለታተመውም ይሰፋለታል።

አንዲት ጓደኛችን ያነሳችውን ጥያቄ ግን እስካሁን አልመለስንም። ምልክቱ የማን ይሆናል? ብዙ ሸማኔ የሚሠራው ለነጋዴ ነው። በካንጋው ላይ የቀረው የነጋዴው ስም ነው፤ ሥዕሉን የሣለው ሰው በጨርቁ ላይ የለም። የእኛም ምልክት የሱቁን ስም ብቻ ካወጣ ሸማኔው የሚያተርፈው ነገር የለም። ከክበባችን ገሚሱ ሁለት ምልክት ይሁን ይላል፣ አንዱ የሸማኔው፣ አንዱ የሱቁ። ገሚሱ ደግሞ ሁለት ከሆነ ዓይን አይለምደውም ባይ ነው።

ሁለቱ እናቶች ክርክሩ እስኪያልቅ አልጠበቁም። ለደንበኞቻቸው የልብሱን ፎቶ ሲልኩ ከፊቱ ጋር ጀርባውንም መላክ ጀምረዋል። የመጀመሪያዋ ደንበኛ የመለሰችው፦ «እትዬ፣ በስህተት የተገለበጠውን ላኩልኝ እኮ!»