ነፃው ሶፍትዌር አሮጌውን ኮምፒዩተር ሲያስቆም

ፒችትሪ በኢትዮጵያ የንግድ ድርጅቶች ዘንድ ለብዙ ዓመታት የሂሣብ መያዣ ሆኖ አገልግሏል። የቆየውን ቅጂ ከነዊንዶውስ ኤክስፒው ማቆየት የፈለገ የመርካቶ ነጋዴ አንዱ አማራጩ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ሌላ ኮምፒዩተር የሚፈጥረው «ቨርቹዋል ማሽን» ነው።

ችግሩ የሚመጣው ይህ ሶፍትዌር በአዲስ ሲተካ ነው። ቪኤምዌር ወርክስቴሽን ከ2024 (እ.ኤ.አ) ወዲህ በነፃ ይገኛል። ይሁንና በ2017 ከወጣው 14ኛ ቅጂ ጀምሮ ኮር ቱ ዱኦን በመሳሰሉ ፕሮሰሰሮች ላይ አይሠራም። በ2019 የወጣው ቨርቹዋልቦክስ 6.1ም ፕሮሰሰሩ የቨርቹዋላይዜሽን አቅም ከሌለው ሥራ አይጀምርም። አዲሶቹ ቅጂዎች የሚፈልጉት አቅም በፕሮሰሰሩ ውስጥ አብሮ የሚሠራ በመሆኑ ሜሞሪ መጨመርም ሆነ ዲስክ መቀየር መፍትሔ አይሆንም። በመሆኑም ያገለገለ ኮምፒዩተር የሚገዛ ሰው ከሜሞሪው በፊት የፕሮሰሰሩን ስምና ትውልድ መጠየቅ ይኖርበታል።

ለውጡ ከመደረጉ በፊት የቨርቹዋል ማሽኑን ፋይሎች በሌላ ዲስክ መገልበጥና የቀድሞውን ሶፍትዌር መጫኛ ማስቀመጥ ይገባል። ሶፍትዌሩ ተቀይሮ እምቢ ካለም ሂሣቡ ጠፋ ማለት አይደለም። አንዳንዴ አቅሙ እያለ በባዮስ ውስጥ ተዘግቶ ይገኛል። ከሌለ የቀድሞውን ቅጂ መልሶ መጫን ይቻላል። ነገር ግን የቆየ ቅጂ የደህንነት ማስተካከያ ስለማያገኝ ኮምፒዩተሩን ከኢንተርኔት ማራቅ ያስፈልጋል። ይህም ቢሆን ጊዜ መግዣ እንጂ አዲስ ኮምፒዩተር ከመግዛት አያድንም።