ነጭ የደም ሕዋስ መንገዱን በምን ያውቃል?

በከሚሴ አካባቢ በቦርከና ሸለቆ ከብት የሚያግድ ሰው እግሩን የግራር እሾህ ቢወጋውና ጀርም ቢገባበት፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይጠዘጥዛል። ይህ ብግነት ይባላል። ውሎ ሲያድር የሚቋጥረው መግል በአመዛኙ ጀርም ሲዋጉ የሞቱ፣ ኒውትሮፊል የተሰኙ ነጭ የደም ሕዋሳት ክምችት ነው። ለመሆኑ ዓይንም ጆሮም የሌላቸው እነዚህ ሕዋሳት የቁስሉን ቦታ በምን አወቁ?

መልሱ ከቅባት ዘንድ ይገኛል። የሕዋስ ገለፈት በአብዛኛው ከቅባትና ከፕሮቲን የተሠራ ነው። አደጋ ሲደርስ ከዚህ ገለፈት አራኪዶኒክ አሲድ የተባለ ቅባት ተቆርጦ ይወጣል፤ ኤንዛይሞችም ሊውኮትራይን ቢ4 ወደተባለ የጥሪ ሞለኪውል ይለውጡታል። የሊውኮትራይኖችን ምንነት የገለጠው ስዊድናዊው ቤንግት ሳሙኤልሰን፣ እ.ኤ.አ. የ1982ን የሕክምና ኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ሊቃውንት አንዱ ነው።

ሞለኪውሉ ከምንጩ በራቀ መጠን ይሳሳል። ቡና የሚቆላበትን ቤት በሽታው ተከትለን እንደምናገኘው ሁሉ፣ ኒውትሮፊሉም ሞለኪውሉ ወደበዛበት ጎን ያመራል። በዚያው ጎን፣ በገለፈቱ ውስጠኛ ፊት፣ ሌላ የቅባት ምልክት ተጠራቅሞ ሕዋሱ ወደፊት እንዲዘረጋ ይረዳዋል።

ይሁን እንጂ አንድ የፊዚክስ እንቅፋት አለ። በራሱ የሚሰራጭ ሞለኪውል እጥፍ ርቀት ለመድረስ አራት እጥፍ ጊዜ ይፈጅበታል። ታዲያ ሩቅ ያለው ሕዋስ እንዴት ፈጥኖ ይደርሳል? ቀድመው የደረሱት ኒውትሮፊሎች ራሳቸው ሊውኮትራይን ቢ4 እየለቀቁ፣ ከኮረብታ ኮረብታ እንደሚቀባበሉት ጥሪ፣ መልእክቱን ያሻግሩታል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት፣ የዚህ ሞለኪውል ተቀባይ የሌላቸው ኒውትሮፊሎች ከሩቅ ተጠርተው መሰባሰብ እንደሚሳናቸው አሳይቷል።

ጥሪው በጊዜው ካልበረደ ግን የመጣው ጦር የራስን አካል ይጎዳል። በአዲስ አበባው አለርት ሆስፒታል ሕክምና ከሚሰጥባቸው የሥጋ ደዌ ብግነቶች አንዱ ኒውትሮፊሎች በቆዳ ውስጥ የሚከማቹበት ሲሆን፣ ነርቭንም ሊጎዳ ይችላል። ለዚህ የሚታዘዘው ፕሬድኒሶሎን ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ አራኪዶኒክ አሲድ ከገለፈቱ እንዳይወጣ መግታት ነው።

ይኸው መድኃኒት ለመገለ ቁስል ያለ ሐኪም ትእዛዝ ቢወሰድ፣ እብጠቱ ሊቀንስ ይችላል፤ ኒውትሮፊሎቹ ግን እንደሚገባ ሳይደርሱ፣ ጀርሙ በሰላም ይራባል። ስለዚህ የእብጠት መጉደል ሁልጊዜ የመዳን ምልክት አይደለም።