ራስ ስለሚባለው ቃል

ልጆች ሆይ፥ አንድ ቃል በልዩ ልዩ ስፍራ ሲገባ ልዩ ልዩ ትርጕም ይኖረዋል። ስለዚህ የሚያነብ ሰው ከቃሉ በፊትና ከቃሉ በኋላ ያለውን ካላስተዋለ ይሳሳታል። ዛሬ ከአፋችን የማይለየውን «ራስ» የሚለውን ቃል እንመርምር።

አንድ ትንሽ ተማሪ፥ «ከዳባት ወደ ደባርቅ የሚሄድ መንገደኛ በፀሐይ ብዛት ራሱን ሳተ» የሚል ነገር አነበበ። ልጁም፥ «ራሱ በአንገቱ ላይ ሳለ እንዴት ይስተዋል?» ብሎ ሳቀ። መምህሩ ግን፥ «ራሱን ሳተ ማለት አእምሮው ተለየው፥ የሚሆነውን ሁሉ የማያውቅ ሆነ ማለት ነው። ለዚህ ሰው ውኃ ያቀርቡለታል እንጂ አይስቁበትም» አለው። ልጁም አፈረ። እንግዲህ ቃልን አለማወቅ በባልንጀራ መከራ እስከ መሳቅ ያደርሳል።

የቃሉ የመጀመሪያ ትርጕም ከአንገት በላይ ያለው የሰውነት ክፍል ነው። ዓይንና ጆሮ፥ አፍንጫና አፍ፥ አንጐልም በዚያ ይገኛሉ። በቈላ የኖረ እንግዳ ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ስሜን ተራሮች ሲወጣ ብዙ ጊዜ ራስ ምታት ይይዘዋል። ምክንያቱም ተራራው ከፍ ባለ ቍጥር አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ፥ ሰውነት የለመደውን ያህል እስትንፋስ አያገኝም። እንደዚህ ያለ ሰው በዝግታ ቢወጣና ቢያርፍ ይለምደዋል፤ ሕመሙ ቢብስበት ግን ሳይዘገይ ወደ ታች መውረድ ይገባዋል።

ሁለተኛ፥ ራስ በሰውነት ላይ የበላይ ስለ ሆነ፥ ከላይ ያለውና መጀመሪያ የሆነው ነገር በእርሱ ስም ይጠራል። በአልጋ ላይ ራሳችንን የምናኖርበት ወገን ራስጌ፥ እግራችንን የምንዘረጋበት ግርጌ ይባላል። በግእዝ ራስን «ርእስ» ይሉታል። ስለዚህ ከጽሑፍ በላይ የሚጻፈው ስም ርእስ ተባለ፤ የትምህርት ቤት አለቃም ርእሰ መምህር ይባላል። መስከረም 1 ቀን ርእሰ ዐውደ ዓመት ነው፤ ይኸውም የዓመት ራስ ማለት ነው። አይሁድም በቋንቋቸው አዲሱን ዓመታቸውን «ሮሽ ሃሻና» ሲሉ የዓመት ራስ ማለታቸው ነው፤ ቋንቋቸውና ግእዝ ዘመዳሞች ናቸውና። በገበያ ደግሞ እናታችን «ሁለት ራስ ሽንኩርት ግዛልኝ» ስትለን ስለ ሽንኩርት ቍጥር ትናገራለች።

ሦስተኛ፥ ራስ የሹመት ስም ነበረ። በቀድሞው ሥርዓት ራስ ከደጃዝማች በላይ፥ ከንጉሥ በታች የሆነ ታላቅ ማዕርግ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በ1967 ዓ.ም. ካለፈ በኋላ ይህ ሹመት ቀርቷል፤ ስሙ ግን አልጠፋም። በስሜን ያለው የኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራራ፥ ቁመቱ ከባሕር በላይ ከ4,500 ሜትር የሚበልጠው፥ ራስ ደጀን ይባላል፤ ራስ ዳሸን የሚሉትም አሉ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ከመንገሣቸው አስቀድሞ ራስ ተፈሪ ይባሉ ስለ ነበር፥ በሩቅ አገር በጃማይካ የተነሡ ሰዎች ከዚህ ስም ወስደው ራስታፈሪያን ተባሉ። የእኛ ቃል እንደዚህ ውቅያኖስን ተሻገረ።

እንግሊዞችም ራስን «ሄድ» ይሉታል። እነርሱም የትምህርት ቤትን አለቃ፥ የምስማርን አናት፥ የወንዝንም መነሻ በዚህ ቃል ይጠራሉ። ከብታቸውንም «ሃምሳ ራስ» ብለው ይቈጥራሉ፤ የእኛ ገበሬ ግን የእርሻ በሬውን በጥማድ ይቈጥራል። ወደ አንድ ስፍራ ማቅናትንም «ሄድ» ይሉታል። ነገር ግን እኛ «ራሴን መረመርሁ» የምንለውን በዚህ ቃል ቢተረጕሙት፥ ሰውዬው ጠጕሩንና ቅሉን የመረመረ ይመስላል። ስለዚህ ተርጓሚ ቃልን በቃል ብቻ ሳይሆን አሳብን በአሳብ መተርጐም ይገባዋል።

አራተኛውና የሚበልጠው ትርጕም ይህ ነው፤ ራስ ማለት የሰው ማንነቱ ነው። ራሱን ቻለ፥ ራሱን ገዛ፥ ራሱን አዋረደ እንላለን። ለሌላው የማያስበውንም ራስ ወዳድ እንለዋለን።

የስሜን ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም በ1834 ዓ.ም. ከራስ ዓሊ ጋር በደብረ ታቦር ተዋጉ። ጦራቸው አሸነፈ፤ ራስ ዓሊም ሸሹ። ነገር ግን ደጃዝማች ውቤ በድል ደስታ ላይ ሳሉ ራሳቸውን አልጠበቁም። ከጠላት ወገን ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ በድንገት ደርሰው ማረኳቸው። አሸናፊው እስረኛ ሆኑ። በኋላ ተፈተው ወደ ግዛታቸው ተመለሱ፤ ደረስጌ ማርያምንም በስሜን አሠሩ። በዚያ ዘውድ ሊጭኑ ያስቡ ነበር ይባላል። ነገር ግን በ1847 ዓ.ም. በየካቲት ወር የቋራው ካሣ በደረስጌ ድል አደረጓቸው። ደጃዝማች ውቤ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያንም አቡነ ሰላማ ካሣን ቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ አሰኟቸው። ሰው ብዙ ሠራዊት ቢገዛም፥ ራሱን በደስታው ጊዜ ካልጠበቀ፥ የደከመበትን ለሌላ ይተዋል።

ልጆች ሆይ፥ አባቶቻችን «ራስ ሳይጠና ጉተና» ብለው ተርተዋል። የሕፃን ራስ ሳይጠነክር ጠጕሩን ለማሳደግ መቸኰል እንደማይገባ፥ ጠባያችን ሳይጸና ለሹመት መቸኰል አይገባንም። ቤተ ክርስቲያን ራሴ የምትለው ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ እንጂ በራስጌ ልቀመጥ አላለም። የራስ ማዕርግ በንጉሥ ፈቃድ ለጥቂቶች ይሰጥ ነበር። በገዛ ራስ ላይ ራስ መሆን ግን ለሁላችሁ የተፈቀደ ነው፤ ሹመቱም በቁጣ ጊዜ ምላስን፥ በደስታም ጊዜ ልብን በመግዛት ይጀመራል።