የአርባ አምስት ቀን እንግዳ

የሐበሻ ዶሮ ራሷን ታሳድጋለች ቢባል ማጋነን አይሆንም። 21 ቀን ታቅፋ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቿን በክንፏ ሥር ሰብስባ ታሞቃለች፤ ጓሮውን እየጫረች መልቀም ታስተምራለች፤ ጭልፊት ሲያንዣብብ ጮኻ ትሰበስባቸዋለች። ባለቤቷ ጠዋት ጥቂት እህል ከመበተን፣ ማታ ቆጥሮ ከማስገባት ያለፈ ጣጣ የለበትም። የሥጋ ዶሮ ግን እናቱን አያውቅም። ከመፈልፈያ ማሽን ወጥቶ፣ ቀዳዳ በበዛበት ካርቶን ተጭኖ ቤትዎ ሲደርስ ክብደቱ 40 ግራም ገደማ ነው። የሚያሞቀው ክንፍ፣ የሚጠራው ድምፅ የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ መኖና ውሃ ካቀረብኩ ይበቃል ብሎ ያስባል።

ሠፈር ውስጥ "የፈረንጅ ዶሮ በመርፌ ነው የሚያብጠው" የሚል ወሬ አለ። በስድስት ሳምንት ሁለት ኪሎ የሚደርስ ፍጡር ያየ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ምስጢሩ ግን የዘር መረጣ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1923 በአሜሪካ ዴላዌር ግዛት ሴሲል ስቲል የተባሉ የቤት እመቤት ለእንቁላል ብለው 50 ጫጩት ቢያዝዙ በስህተት 500 ተላከላቸው። አልመለሱም። አሳድገው ለሥጋ ሸጧቸው፤ ለገበያ የበቁት 387 ብቻ ቢሆኑም ትርፉ ደህና ነበርና በሚቀጥለው ዓመት 1,000 አዘዙ። የአሜሪካ የሥጋ ዶሮ ንግድ ታሪኩን ከእኚህ ሴት ጓሮ ይጀምራል። የእሳቸው ዶሮዎች ታዲያ አንድ ኪሎ ገደማ ለመሙላት 18 ሳምንት ፈጅተዋል። ከዚያ ወዲህ አዳቃዮች በየትውልዱ ፈጥኖ የሚያድገውንና ደረቱ የሚሰፋውን እየለዩ አስቀሩ። የካናዳው አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ1957፣ የ1978 እና የ2005 ዝርያዎችን አንድ ዓይነት መኖ እያበሉ ጎን ለጎን አሳድገው ነበር። በ56 ቀናቸው ሲመዘኑ የመጀመሪያው 905፣ ሁለተኛው 1,808፣ ሦስተኛው 4,202 ግራም ሆኑ። መኖው አንድ ከሆነ ልዩነቱ የደም ነው።

ዛሬ በአገራችን በብዛት የሚታዩት የሥጋ ዝርያዎች ኮብ 500 እና ሮስ 308 ናቸው፤ ሁለቱም ነጭ። ቀላ የሚለው ሳሶ ደግሞ ለሥጋም ለእንቁላልም የሚሆን፣ ቀስ ብሎ የሚያድግና ጓሮ የሚችል ነው። ለጀማሪ የትኛው ይሻላል ቢሉኝ ትዕግሥት ላለው ሳሶን፣ ጊዜ ለሚቆጥር ኮብን እላለሁ። ከዚህ በታች የማወራው ስለ ነጩ ነው፤ ጭንቀቱ እሱ ጋ ስለሆነ።

በ25 ጫጩት ይጀምሩ። ለዚህ ሁለት ተኩል ካሬ ሜትር የሚሆን፣ ነፋስ የማይመታውና አየሩ ግን የሚንሸራሸር ክፍል ይበቃል፤ ለ10 ዶሮ አንድ ካሬ ሜትር መሆኑ ነው። ወለሉ ላይ ሰጋቱራ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይነጠፋል። ጫጩቶቹ ከመምጣታቸው ከአንድ ቀን በፊት ክፍሉ መሞቅ አለበት። ጫጩት ገብቶ አምፖል የሚፈልግ ሰው አይቻለሁ፤ ወለሉ ከቀዘቀዘ አየሩ ቢሞቅ ዋጋ የለውም፤ ጫጩቱ የሚቆመው ወለል ላይ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት በጫጩቱ ቁመት ልክ ሙቀቱ ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን ይኖርበታል፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል እየተቀነሰ ወደ 21 ይወርዳል። ቴርሞሜትር መኖሩ ደግ ነው፤ ከቴርሞሜትሩ ይልቅ እውነቱን የሚናገሩት ግን ጫጩቶቹ ናቸው። አምፖሉ ሥር ተጨናንቀው ከጮኹ በርዷቸዋል። ከአምፖሉ ሸሽተው፣ አፋቸውን ከፍተው ካለከለኩ ሞቋቸዋል። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ካደሉ ከሌላው በኩል ነፋስ እየገባ ነው። እዚህም እዚያም ተበትነው ግማሹ ከበላ፣ ግማሹ ከተኛ ሰላም ነው። ጥርጣሬ ከገባዎት አንዱን አንሥተው እግሩን ጉንጭዎ ላይ ያድርጉት፤ ከቀዘቀዘ በርዶታል።

ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። የመጀመሪያዎቹን 30 ጫጩቶች ባስገባሁ ሌሊት መብራት ጠፋ። ሊነጋጋ ሲል ብገባ በአንድ ማዕዘን ተደራርበዋል፤ ከሥር የነበሩት ስድስቱ ታፍነው ሞተዋል። ከዚያ በኋላ ማዕዘኖቹን በካርቶን አክብቤ ዘጋሁ፤ ለመጠባበቂያም ሁለት ጄሪካን የፈላ ውሃ በጨርቅ ጠቅልዬ መካከላቸው ማስቀመጥ ለመድኩ። ብዙ ሰው መብራት ሲጠፋ የከሰል ማንደጃ ያስገባል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ሰውንም ጫጩትንም ይገድላልና በር ወይም መስኮት ሳይከፈት አይሞከር።

እንደ ደረሱ ከመኖ በፊት ውሃ ይቀድማል፤ ብዙ አርቢ በዚያች የመጀመሪያ ውሃ ላይ ጥቂት ስኳር ይበጠብጣል። አንድ ሁለቱን ይዘው አፋቸውን ውሃው ውስጥ ነከር ቢያደርጉ ሌሎቹ አይተው ይከተላሉ፤ የእናቲቱ ሥራ ይኸው ነበር። ከጥቂት ሰዓት በኋላ አንገታቸው ሥር ያለችውን የምግብ ከረጢት በጣት ዳበስ ያድርጉ፤ ሞልታ ለስለስ ካለች በልተዋል፣ ጠጥተዋል። ደህና የተያዘ ጫጩት በ7ኛ ቀኑ ሲገባ ከነበረው ክብደት ከአራት እጥፍ በላይ ይመዝናል። በዚህች ሳምንት የተጎዳ ጫጩት በኋላ ቢቀልቡት አይካስም።

የመኖው ስሌት ለጀማሪ በሚያመች መንገድ ቀላል ነው። በቤት አያያዝ አንድ ኪሎ ክብደት ለማግኘት ወደ ሁለት ኪሎ መኖ ይሄዳል፤ ሁለት ኪሎ የሚሆን ዶሮ አራት ኪሎ ይበላል፤ 25ቱ አንድ ኩንታል ይጨርሳሉ። ውሃው የመኖውን እጥፍ ያህል ነው። የጫጩት መኖ ፕሮቲኑ 22 በመቶ ገደማ፣ የመጨረሻዎቹ ሳምንታት መኖ 18 በመቶ አካባቢ ይሆናል። በቆሎ፣ አኩሪ አተር፣ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ገዝቶ ራስ ማደባለቅ ርካሽ ይመስላል፤ ለመጀመሪያው ዙር ግን አልመክርም። ዶሮው ሳያድግ ሲቀር ጥፋቱ የመኖው ይሁን የሙቀቱ መለየት ያቅታል። የእንቁላል ጣይ መኖ ተርፎ ቢኖርዎትም ለጫጩት አይስጡ፤ ለቅርፊት የተጨመረው ካልሲየም ኩላሊታቸውን ይጎዳል። የሻገተ መኖም ቢያሳዝን ይጣል።

በሽታን በተመለከተ የገጠሩ ሰው ፈንግል ሲል የሚፈራው በከንቱ አይደለም፤ አንድ መንደር ዶሮ በሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ክትባቱ እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል። በ7ኛው ቀን አካባቢ በዓይን ጠብታ ይሰጣል፤ በሁለተኛው ሳምንት የጉምቦሮ ክትባት ይከተላል፤ በሦስተኛው ሳምንት ፈንግሉ ይደገማል። ትክክለኛውን ቀን ጫጩቱን የሸጠልዎትንና የአካባቢዎን የእንስሳት ሐኪም ይጠይቁ። ክትባቱ በመጠጥ ውሃ የሚሰጥ ከሆነ ውሃው ክሎሪን የሌለበት ይሁን፤ ክሎሪን ክትባቱን ይገድለዋል። ብልቃጡ ብዙ ጊዜ ለመቶዎች የሚበቃ ስለሆነ ጎረቤት አርቢዎች በአንድ ቀን ተቀጣጥረው ቢያስከትቡ ያዋጣል። ደም የቀላቀለ ኩስ ካዩ ኮክሲዲዮሲስ ነው ማለት ነው፤ መድኃኒት አለው፤ የሚያስፋፋው ግን ብዙውን ጊዜ የረጠበ ሰጋቱራ ነው። መጠጫው ዙሪያ ያለውን በየቀኑ ማገላበጥ፣ የረጠበውን ማውጣት ከመድኃኒት ይቀድማል። ጓሮ የሚውሉት የሐበሻ ዶሮዎችም ወደዚህ ክፍል ዝር አይበሉ።

ስለ ደጋው ደግሞ ጥቂት ልበል፤ ከውጭ የሚመጡ መመሪያዎች ብዙ አያነሡትምና። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያም በላይ ላይ ነች። አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ የዚህ ዶሮ ሥጋ ደግሞ ልቡና ሳንባው ሊያደርሱለት ከሚችሉት በላይ ኦክስጅን ይጠይቃል። ልብ ይደክምና ሆዱ ውሃ ይቋጥራል። ሲበላ ሲጠጣ የነበረ ደንዳና ዶሮ በአራተኛውና በአምስተኛው ሳምንት አፉን ከፍቶ ሞቶ ይገኛል። ብርድና የታፈነ አየር ነገሩን ያብሱታል። መፍትሔው ትንሽ ማዘግየት ነው፤ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ማታ ለጥቂት ሰዓታት መብራት አጥፍቶ መኖውን ማንሣት። ክብደቱ በጥቂቱ ይቀንሳል፤ ዶሮው ግን ይተርፋል።

የሌሊት ሌባም አለ። ሸለምጥማጥ በእጅ መዳፍ ቀዳዳ ይገባል፤ ገብቶም አንዱን በልቶ አይመለስም፣ ያገኘውን ሁሉ ያርዳል። መስኮቱን ጠበቅ ባለ የሽቦ ወንፊት ይምቱ።

ከ42 እስከ 45 ቀን ሲሆናቸው ለእርድ ይደርሳሉ። ከዚያ በላይ ማቆየት መኖ ማባከን ነው፤ እግራቸውም ክብደቱን መሸከም ያቅተዋል። ከመታረዳቸው በፊት ከ8 እስከ 10 ሰዓት መኖ ተነሥቶ ውሃ ብቻ ይቅረብላቸው። ላባው የሚነጨው ዶሮ ለጋ ስለሆነ የሚንተከተክ ውሃ አያስፈልግም፤ 60 ዲግሪ አካባቢ ይበቃል፤ አለዚያ ቆዳው አብሮ ይላጣል።

እዚህ ላይ ሳልደብቅ የምናገረው ነገር አለ፤ ይህ ዶሮ ለዶሮ ወጥ አይሆንም። ቁሌቱ ውስጥ ሲንቸከቸክ ሥጋው ከአጥንቱ ይለቅና 12ቱ ብልት ለአቅራቢው ማፈሪያ ይሆናል። የበዓል ገዢም ቀይ አውራ ወይም ገብስማ እየፈለገ ነጩን በዓይኑም አያየው። ለጥብስ፣ ለአሮስቶና ለሾርባ ግን የሚስተካከለው የለም፤ ምግብ ቤቶችም ታርዶ የተዘጋጀውን ይወስዳሉ። ወጥ ካማረዎት ሳሶን ሦስት ወር ግድም ያቆዩት።

ገበያው ጾምን ስለሚከተል ጫጩት የሚገባበት ቀን ከበዓሉ ወደ ኋላ እየተቆጠረ ይወሰናል። ለፋሲካ ከሆነ በዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት ማስገባት ነው። ለእንቁጣጣሽ ሐምሌ 20 አካባቢ ይሆናል፤ ክረምት ነውና የማሞቂያው ወጪ ይጨምራል። ለጀማሪ የሚመቸው ገና ነው፤ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቶ ገና ዋዜማ እስኪደርስ የዚህ ዶሮ ዕድሜ ያህል ቀን አለው። ጫጩቱን በጥቅምት ይዘዙ፤ ኅዳር 14 ማታ አምፖሉ በርቶ ይደር።