በጭቃ ውስጥ የቀረ የበረዶ ዱካ



ከጀሞ ወደ ለቡ ስትሄዱ ለሕንፃ መሠረት የተቆፈረ ጉድጓድ ካጋጠማችሁ ጠርዙ ላይ ቆም ብላችሁ ተመልከቱ (ጥበቃው ካላባረራችሁ)። ከላይ በክረምት ጫማችንን የሚነጥቀን ጥቁር መሬት አለ። ከሥሩ ቀለሙ የተለየ አፈር ይታያል፤ ዝቅ ሲል ደግሞ ሌላ። ማንም ሳይነካው የተኛ አፈር ከሆነ የታችኛው ቀድሞ የመጣ፣ የላይኛው ኋላ የመጣ ነው። የዛሬው ጽሑፋችን በሙሉ የቆመው በዚህች ቀላል ሐሳብ ላይ ነው።

ጥያቄው እንዲህ ነው። በረዶ ሲቀልጥ ውሃ ሆኖ ይሄዳል። ታዲያ ከሺህ ዓመታት በፊት የት እንደነበረና መቼ እንደለቀቀ በምን ይታወቃል? አንዱ መልስ ከውሃ ሥር የተኛ ጭቃ ነው።

ከአገራችን እንጀምር። የባሌ ተራሮች በአንድ ወቅት በግግር በረዶ ተሸፍነው እንደነበር ስንቶቻችን እናውቃለን? እዚያ በ3,950 ሜትር ከፍታ ላይ ጋርባ ጉራቻ የሚባል ትንሽ ሐይቅ አለ፤ ስሙ በአፋን ኦሮሞ ጥቁር ሐይቅ ማለት ነው። ሐይቁ የተኛበትን ጎድጓዳ ቦታ የቆፈረው ግግር በረዶ ነው። ግግር በረዶ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ይንሸራተታል፣ ከሥሩ ያለውንም ሁሉ ፍቆ ይወስዳል። ስለዚህ በረዶው እስካለ ድረስ እዚያ ደለል አይከማችም። በረዶው ሲለቅ ጎድጓዳው ውሃ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ዝናብ ያመጣው አፈር፣ ነፋስ ያመጣው የአበባ ብናኝና ከእሳት የተረፈ ከሰል እየተደራረበ ይተኛል። የደለሉ የመጨረሻ ሥር የስንት ዓመት እንደሆነ ካወቅን፣ በረዶው ቢያንስ ከዚያ በፊት ቦታውን እንደለቀቀ አወቅን ማለት ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ምድር ተመራማሪ መሐመድ ዑመርና ባልደረቦቻቸው ያደረጉት ይህንኑ ነው። ከጋርባ ጉራቻ ወለል 16 ሜትር ርዝመት ያለው የደለል ናሙና ወጥቶ ተመረመረ፤ ውጤቱም በ2007 እ.ኤ.አ. ታተመ። በሐይቁ ዙሪያ የነበረው በረዶ የለቀቀው ከዛሬ 16,700 ዓመት ገደማ በፊት ነው። መጀመሪያ ላይ አካባቢው ተክል የሳሳበት ባዶ መሬት ነበር። ዛሬ የምናውቀው አስታ በስፋት የመጣው ከብዙ ሺህ ዓመታት በኋላ፣ ከ11,200 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ይህ ሁሉ የተነበበው በማይክሮስኮፕ ካልሆነ በማይታይ የአበባ ብናኝ ነው! ዕድሜው ደግሞ የሚለካው በካርበን 14 ነው። ሕይወት ያለው ነገር ከሞተ በኋላ በውስጡ ያለው ካርበን 14 በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ የቀረውን መለካት ያለፈውን ጊዜ መለካት ነው።

ጭቃው ግን የሚነግረን በረዶው ከለቀቀ በኋላ ያለውን ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ለማወቅ ተመራማሪዎች በረዶው እየገፋ የቆለላቸውን ቋጥኞች መረመሩ። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት እንደሚያሳየው የባሌ በረዶ በጣም ሰፍቶ የነበረው ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት ነው፤ የዓለም ግግር በረዶ ጫፍ ከደረሰበት ከ21,000 ዓመት ገደማ አስቀድሞ ማለት ነው። በዚያ ብርድ ውስጥ ሰው ነበር ወይ? ነበር። ፊንጫ ሀበራ በተባለው የዋሻ ጥላ ውስጥ፣ ወደ 3,470 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሰዎች ግዙፉን የባሌ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ እንደነበር ቁፋሮ አረጋግጧል። እኛ ሐምሌ ላይ ለሱብሒ ውዱእ ስናደርግ በውሃው ቅዝቃዜ የምናማርረውን አስቡት።

የባሌ በረዶ ግን ከዓለም አንጻር ትንሽ ነበር። ሰሜን አሜሪካንና ሰሜን አውሮፓን የሸፈኑት ታላላቅ ግግር በረዶዎች ጫፋቸው ባሕር ውስጥ ይገባ ስለነበር ታሪካቸው የተጻፈው በባሕር ወለል ላይ ነው። የአነባበቡ ዘዴ ያው ነው። በረዶው ወለሉን ተጭኖ በነበረበት ቦታ የሚገኘው ጠጠርና ጭቃ ያለ ወግ የተደባለቀበት ጠጣር ንብርብር ነው። በረዶው ከወለሉ ተነስቶ መንሳፈፍ ሲጀምር ከላዩ ለስላሳ ጭቃ ይተኛል። በረዶው ጨርሶ ሲርቅና ብርሃን ሲገባ ደግሞ የደቃቅ ባሕር ፍጥረታት ቅርፊት ይበዛል። ከታች ወደ ላይ ስታነቡት የበረዶውን ማፈግፈግ ደረጃ በደረጃ ታያላችሁ።

በ1988 እ.ኤ.አ. ሃርትሙት ሃይንሪሽ የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ ከአትላንቲክ ወለል በወጣ ደለል ውስጥ እዚያ መገኘት የሌለበትን ጠጠር አጥንቶ አሳተመ። ከየብስ እጅግ በራቀ ጥልቅ ባሕር ጠጠር ማን ጣለው? ነፋስ አይችልም፤ የባሕር ሞገድም እዚያ አያደርሰውም። ያደረሰው ከግግር በረዶው ተገንጥሎ የተንሳፈፈ የበረዶ ተራራ ነው፤ በሆዱ የያዘውን ድንጋይ እየቀለጠ ጣለው። አብዛኛው ጠጠር የመጣው ከዛሬዋ ካናዳ ነው። ከእነዚህ የበረዶ መፍረሶች የመጨረሻው ትልቅ የሚባለው ከ18,000 እስከ 15,000 ዓመት ገደማ በፊት የሆነው ነው።

አሁን ወደ ጣና እንመለስ። ከጣና ወለል በወጣው ደለል ውስጥ ለስላሳው ጭቃ በድንገት ያበቃና የደረቀ፣ የጠነከረ አፈር ይመጣል። ከዚያ ከፍ ሲል የደንገል ረግረግ ቅሪት አለ። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ከ18,700 እስከ 16,700 ዓመት ገደማ በፊት ጣና ደርቆ ነበር። ሐይቁ ሞልቶ እንደገና ወደ ዓባይ መፍሰስ የጀመረው ከ15,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ቀኖቹን ከአትላንቲኩ ጠጠር ጋር አስተያዩአቸው። ሰሜን ላይ በረዶው ሲፈርስ ቀዝቃዛና ጨው አልባ ውሃ ባሕሩን አጥለቀለቀ፣ የውቅያኖሱ ዝውውር ተዳከመ፣ ወደ እኛ የሚደርሰው ዝናብም ቀነሰ። የሩቅ በረዶ መፍረስ የዓባይን ምንጭ አደረቀ ማለት ነው። (ነገ ጣና ይደርቃል እያልኩ አይደለም፤ የዛሬው ሁኔታ የራሱ ጥናት አለው።)

ይህን ሥራ ዛሬም የሚያስቸኩለው ነገር አለ። አንታርክቲካ ውስጥ ትዌይትስ የሚባለው ግግር በረዶ ሙሉ በሙሉ ቢቀልጥ የዓለምን ባሕር ከግማሽ ሜትር በላይ ከፍ ያደርጋል። በ2019 እ.ኤ.አ. አንድ ሰው አልባ ሰርጓጅ መሣሪያ በበረዶው ፊት ለፊት ወደ 700 ሜትር ጥልቀት ወርዶ የባሕሩን ወለል ካርታ አነሳ። ከ160 በላይ የተደረደሩ ትንንሽ ጉብታዎች ተገኙ። በረዶው በየቀኑ ከማዕበሉ ጋር ከፍና ዝቅ ሲል አንዳንድ ጉብታ እያስቀመጠ ወደ ኋላ ሄዷል፤ ጉብታ መቁጠር ቀን መቁጠር ሆነ ማለት ነው። ከስድስት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ በረዶው በዓመት ከ2.1 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት አፈግፍጎ ነበር። ይህ ፍጥነት በቅርብ ዓመታት ሳተላይት ከለካው ሁለት እጥፍ ነው። ሳተላይት ደግሞ ገና የጥቂት አሥርት ዓመታት ትዝታ ነው ያለው።

ለክረምት እረፍት ወደ ባሌ የምትሄዱ እህትና ወንድሞች፣ ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ሰኔቲን ያቋርጣል። አምባው ላይ ስትደርሱ በመስኮት በኩል ተመልከቱ፤ በሜዳው ተበታትነው የቀሩ ትልልቅ ድንጋዮች ታያላችሁ። ደራሽ ውሃ ያመጣቸው አይምሰላችሁ። ወፍራም ጃኬት መያዝ እንዳትረሱ።